ቀዝቃዛና ምንም የማይታይበት የውሃ ዋሻ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ አለ?

ብሪስቶሉ | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ዳይቪንግ የተማርኩት ዱባይ እያለሁ ነው። ሙቅ ባሕር፣ ጥርት ያለ ውሃ፣ ብዙ ዓሣ። አሁን ኑሮዬ እንግሊዝ፣ ብሪስቶል ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዋሻ የሚወድ ሰው ነው። ቅዳሜና እሁድ ሜንዲፕ ኮረብታዎች ሄዶ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። ሰሞኑን "ዳይቪንግ ከቻልክማ ና፣ ከሳምፑ ማዶ ያለውን ላሳይህ" አለኝ።

ሳምፕ የሚሉት የዋሻው ጣሪያ ዝቅ ብሎ ውሃ ውስጥ የሚነከርበትን ቦታ ነው። ከዚያ ወዲያ ለመሄድ ጠልቆ ማለፍ ግድ ነው። ውሃው 9 ወይም 10 ዲግሪ ነው አለኝ። የዘረጋኸው እጅህ አይታይህም አለኝ። ይህን ሁሉ የሚነግረኝ እየሳቀ ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ፦ የባሕር ሰርተፊኬቴ ይበቃል? ሳይታይ እንዴት ይኬዳል? ብርዱንስ ምን ያደርጉታል? "አትሂድ" የምትሉም ጻፉ፣ ግን ምክንያት ጨምሩበት።

ለምን_ግን | ሰኞ፣ ማታ 2፡52

አትሂድ። ምክንያቱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ መልሰህ አንብበው። ሰው ስንት ነገር አልፎ እንግሊዝ ገብቶ መሬት ስር ብርድ ውሃ ውስጥ ይነከራል? ምን ነክቶህ ነው? እናትህ ያውቃሉ?

ጭቃው | ሰኞ፣ ማታ 4፡05

ብሪስቶሉ፣ እኔ የምኖረው ሱመርሴት ነው፤ ከሜንዲፕ አልርቅም። ባልደረባህ አልዋሸህም። ግን ዋናውን አልነገረህም። ባሕር ውስጥ የሆነ ነገር ሲበላሽብህ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ትወጣለህ። እዚህ ከላይህ ያለው ድንጋይ ነው። መውጫው የገባህበት ብቻ ነው፤ ስትመለስ ደግሞ ስትገባ ያየኸው ዋሻ አይደለም የሚጠብቅህ። ስለዚህ ሰርተፊኬትህ አይበቃም። ቅር አይበልህ፣ የሃያ ዓመት የባሕር ጠላቂ ቢመጣም መልሱ ያው ነው።

እዚህ አገር ነገሩ የተጀመረው በዋሻ ሰዎች እንጂ በባሕር ሰዎች አይደለም። ዋሻ ለዋሻ ሲሄዱ ውሃ አላሳልፍ አላቸው፣ እነሱም ጠላቂ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1934 ግርሃም ባልኮምብ የሚባል ሰው ከብስክሌት አካልና ከአትክልት ማጠጫ ጎማ መተንፈሻ ሠርቶ ሜንዲፕ ባለው ስዊልደንስ ሆል በሚባል ዋሻ ውስጥ ሞከረው። አልሆነም። በዓመቱ ከጃክ ሼፐርድ ጋር ሆነው ዉኪ ሆል የሚባል ሌላ ዋሻ ገቡ። የለበሱት ያንን ትልቅ የብረት ቆብ ያለውን የድሮ የጠላቂ ልብስ ነበር፤ አየሩ ከውጭ በፓምፕ፣ በቱቦ ይላክላቸዋል። በ1936 ደግሞ ሼፐርድ የስዊልደንስን የመጀመሪያ ሳምፕ አለፈ። ይሄ ሁሉ የተለፋበት ሳምፕ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ነው! ዛሬ ዋሻ ገቢዎች ትንፋሻቸውን ይዘው፣ የተዘረጋውን ገመድ ስበው ውልቅ ይላሉ። በ1946 ኬቭ ዳይቪንግ ግሩፕ የሚባል የዋሻ ጠላቂዎች ማኅበር ተመሠረተ፣ አሁንም አለ። መማር ከፈለግክ በሩ እሱ ነው። መጀመሪያ ግን ደረቅ ዋሻ ልመድ ይሉሃል። አትከፋ፣ ትክክል ናቸው።

ሳይታይ እንዴት ይኬዳል ላልከው፣ በእጅ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ከመግቢያው ጀምሮ ገመድ ይዘረጋል። ፍሎሪዳና ሜክሲኮ ቀጭን ሲባጎ ይጠቀማሉ። እዚህ ወፈር ያለ ይመረጣል፤ ምክንያቱም በደነዘዘ እጅ ቀጭኑ አይታወቅህም፣ ጎርፍ ሲመጣም ድንጋይ ላይ እየታሸ ይበጠሳል። አውራ ጣትህንና ሌባ ጣትህን ቀለበት ታደርግና ገመዱን መሃሉ ታስገባለህ። አትስበውም፣ አትንጠለጠልበትም። ቀለበቱ ገመዱ ላይ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ገመዱ ከድንጋዩ ጋር በላስቲክ ተይዟል። ላስቲኩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ ነገር አይደለም። እዚያ ጋ አንደኛው እጅህ ከማሰሪያው ወዲያ ያለውን ገመድ ጨብጦ ሳያረጋግጥ ሌላኛው እጅህ አይለቅም። አለቀ። ይህን አንድ ነገር ሺ ጊዜ እንድትለማመደው ነው የሚደረገው። ማስክህን በጨርቅ ሸፍነው ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ለዛፍ በተወጠረ ገመድ ያስኬዱሃል። ሰፈር ያለ ሰው ቢያይህ ጉድ ይላል።

ገመድ ስላለ ብቻ ደግሞ አትኩራ። በደንብ ያልታሰረ ገመድ መታጠፊያ ላይ ወደ ጠባብ ስንጥቅ ይሳባል። ስትገባ እያየህ በሰፊው በኩል ዋኝተህ አልፈሃል። ስትመለስ ግን አታይም፣ ገመዱን ተከትለህ ትሄዳለህ፣ ገመዱም ሰው የማያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ይዞህ ይገባል። እጅህ ያልፋል፤ ሄልሜትህ ድንጋዩን ይመታል። ያኔ ገመዱን ሳትለቅ ትንሽ ወደ ኋላ ትልና ሰፊውን ጎን በሌላው እጅህ ትዳስሳለህ። ገመድ የሚዘረጋ ሰው ጥሩነቱ የሚለየው እዚህ ነው። የሚያስረው አሁን እያየ ላለው ለራሱ አይደለም። ምንም ሳያይ ለሚመለስ እጅ ነው።

ለምን_ግን | ሰኞ፣ ማታ 4፡20

ይሄን ሁሉ አንብቤ አንድ ነገር አልገባኝም። ከሳምፑ ማዶ ምንድን ነው ያለው? ወርቅ?

ጭቃው | ሰኞ፣ ማታ 4፡31

ሌላ ዋሻ ነው ያለው እህቴ :)

ቀልዴን አይደለም። የስዊልደንስ ወንዝ መሬት ስር ገብቶ የሚወጣው ኪሎ ሜትሮች ርቆ ዉኪ ሆል ጋ ነው። ውሃው መንገድ አለው ማለት ነው። መሃል ላይ ያለውን ያየ ሰው የለም። ሰዎች ከሁለቱም ጫፍ እየገፉ ነው፤ ከዉኪ ሆል በኩል ሪክ ስታንተንና ጆን ቮላንተን የሚባሉ ጠላቂዎች በ2005 እስከ 90 ሜትር ጥልቀት ወርደው ነበር። ዋሻው ከዚያም ይቀጥላል። ኤቨረስትን በሺ የሚቆጠር ሰው ወጥቶታል። ካርታ ላይ ያልተሣለ ቦታ ከቤትህ በመኪና ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ሲኖር አያጓጓም?

ለምን_ግን | ሰኞ፣ ማታ 4፡33

አያጓጓም።

የጎባ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

እኔ እንኳ ጠልቄ አላውቅም። ዋሻ ሲባል ግን ዝም ማለት ያቅተኛል። እኛ ጋ ሶፍ ኡመር አለ። ወይብ ወንዝ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1972 እንግሊዛውያን ዋሻ አጥኚዎች መጥተው ለክተውታል፤ 15.1 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከአገራችን ረጅሙ። ሰው ለሽርሽርም ለዝያራም ይሄዳል፤ ሸህ ሶፍ ኡመር የተጠለሉበት ቦታ ነው።

ወይብ የሚነሣው ከባሌ ተራሮች ነው። እናንተ ዋሻው አፍ ላይ ቆማችሁ ፀሐይ ይመታችኋል፣ ላይ ዝናብ ጥሎ ውሃው ይመጣል። ክረምት ላይ ሲደፈርስ ጉልበታችሁ ድረስ ገብታችሁ እግራችሁ አይታያችሁም። አገሬው ይህን ስለሚያውቅ ሰማዩን ሳይሆን ወንዙን ነው የሚያየው። ጭቃው የጻፈውን ሳነብ፣ እዚያ ውሃ ውስጥ ገመድ ይዞ የሚገባ ሰው ታሰበኝና ራሴን ያዝኩ።

ብሪስቶሉ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10

ጋሼ ጭቃው፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ በምሳ ሰዓቴ ሁለቴ አነበብኩት። አንድ ጥያቄ። ስትገባ ካየህ፣ ስትመለስ የማታየው ለምንድን ነው? ውሃው ያው ውሃ አይደለም?

ጭቃው | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡45

አይደለም። አብዛኛው ጊዜ የምትሄደው ወንዙ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ፊትህ ያለው ውሃ ገና ማንም ያልነካው ነው፤ ጥሩ ቀን ከሆነ ሁለት ሦስት ሜትር ታያለህ። የቀሰቀስከው ደለል ሁሉ ደግሞ ከፍሰቱ ጋር ከኋላህ ወደ መውጫው ይወርዳል። ስትዞር እዚያው ነው። አንተ ስትሄድ እሱም አብሮህ ይሄዳል፤ እስክትወጣ አትለያዩም።

በእግርህ ምንም ባትነካ እንኳ ትንፋሽህ ይበቃል። አረፋው ጣሪያውን ሲመታ እዚያ ተጣብቆ የኖረው ይረግፋል፣ ባንድ አፍታ ውሃው ማኪያቶ ይሆናል። አሸዋ ከሆነ ቶሎ ይሰክናል። ድቅቅ ያለ ሸክላ ከሆነ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ባትሪ ብታበራ ብርሃኑ ደለሉ ላይ ይበተንና ቡናማ ግድግዳ ያሳይሃል። የአየር ጌጅህን፣ ስንት አየር እንደቀረህ የሚያሳየውን መለኪያ፣ ለማንበብ ማስክህ መስታወት ላይ ትለጥፈዋለህ፤ ያንንም በባትሪ ከጎን እያበራህ። አንዳንድ ቀን ይህም አይሆንም። ስለዚህ ስንት አየር እንደቀረህ ገና እያየህ ሳለህ ማወቅ አለብህ።

ወንዙ ወደሚሄድበት ስትጠልቅ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጭቃው ስትገባ ያጅብሃል፣ ስትመለስ ይጠራልሃል። ግን ውሃው ወደ ውስጥ እየገፋህ ነው የምትገባው። እኔ ይሄኛውን አልወድም።

ዲሲ_ጠላቂ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

እኔ የዋሻ ኮርስ የወሰድኩት ፍሎሪዳ ነው። ውሃው 21፣ 22 ዲግሪ፣ እይታው እስከ ሠላሳ ሜትር። ከእናንተ ጋር ሲነጻጸር መናፈሻ ነው። ሕጉ ግን አንድ ነው። ሼክ ኤክስሊ የሚባለው አሜሪካዊ በ1979 የጠላቂዎችን አሟሟት አጥንቶ የጻፈውን እስከ ዛሬ እንማራለን። ሥልጠና ይኑርህ። ገመድህ እስከ ክፍት ውሃ ድረስ ሳይቋረጥ ይዘርጋ። ከአየርህ ሲሶውን ለመግቢያ፣ ሲሶውን ለመውጫ፣ ሲሶውን ለክፉ ቀን። ከአቅምህ በላይ አትጥለቅ። ሦስት ባትሪ ያዝ። ኤክስሊ ራሱ በ1994 ሜክሲኮ፣ ዛካቶን ውስጥ በጣም ጥልቅ ለመውረድ ሲሞክር ሞተ። በዓለም አሉ ከሚባሉት አንዱ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልስማማም። እንግሊዞቹ ብቻቸውን ይጠልቃሉ ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? እኛ ጋ ይሄ እብደት ነው። ጓደኛህ አየር ያካፍልሃል፣ ገመድ ውስጥ ስትያዝ ይፈታሃል።

ብሪስቶሉ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡12

ሁለት ሲሊንደር (የአየር ጋን) ካለኝ፣ አንዱን ስገባ ጨርሼ ሁለተኛውን ስመለስ ብጠቀምስ? ግማሽ በግማሽ።

ጭቃው | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡40

ብሪስቶሉ፣ እንደሱ እንዳታደርግ! በጣት እንቁጠረው። ሁለት ሲሊንደር አለህ፣ እያንዳንዱ 210 ባር (የአየሩ ግፊት መለኪያ ነው)፣ እያንዳንዱም የራሱ ሬጉሌተር፣ ማለትም መተንፈሻ፣ አለው፤ አይገናኙም። አንዱን ጨርሰህ ጫፍ ደረስክ። ሁለተኛው እዚያ ተበላሸ። በቃ፣ አለቀልህ።

አሁን በሲሶው። ከመጀመሪያው 70 ባር ትተነፍሳለህ፣ ትቀይራለህ፣ ከሁለተኛው 70። ስትዞር ሁለቱም 140 ላይ ናቸው። ለመግባት በጠቅላላ 140 ፈጅተሃል፣ ለመውጣትም 140 ትፈልጋለህ። አንዱ ጫፍ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢበላሽብህ ሌላው ብቻውን ልክ 140 ይዟል። ልክ በልክ ግን። የኛ ችግር ያለው "ልክ በልክ" የሚለው ላይ ነው። ስትመለስ በጭቃ ውስጥ እየዳሰስክ ስለሆነ ቀርፋፋ ነህ፣ በርዶህም ስለሆነ ትንፋሽህ ይበዛል። ስለዚህ እዚህ ሲሶ ማለት ጣሪያው ነው፤ ልባም ሰው ከዚያ በፊት ይዞራል።

ዲሲ፣ አዎ፣ ብቻችንን ነው የምንጠልቀው። ፍሎሪዳ ላይ እኔም ከጓደኛ ጋር እገባለሁ። እዚህ ግን ደረትህ መሬት፣ ጀርባህ ጣሪያ የሚነካበት ቦታ አስብ፤ ሲሊንደሮቹንም ጎንና ጎን ማሰር የተጀመረው ጀርባ ላይ አላሳልፍ ስላለ ነው። ከኋላህ ያለው ሰው አያይህም፣ አንተም አታየውም። መዞር አይችልም። ከደነገጠ መውጫህን የዘጋው እሱ ነው። ገመዱን ከሳተ ወይ ከጎተተ ሁለታችሁም ጠፋችሁ። ስለዚህ ጓደኛህ ሊሰጥህ የሚችለውን ሁሉ ድርብ አድርገህ ራስህ ትይዛለህ፦ ሁለት አየር፣ ሄልሜትህ ላይ ብዙ ባትሪ፣ ሁለት መቁረጫ። ጓደኞችህ ሳምፑ አፍ ላይ ቁጭ ብለው ሰዓት እያዩ ይጠብቁሃል።

ዲሲ_ጠላቂ | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡05

ጠባብ ቦታው ላይ ገባኝ። ግን ሳምፑ አፍ ላይ ሻይ እየጠጣ የሚጠብቅ ጓደኛ ውስጥ ገመድ ቢጠመጥምህ ምን ያደርግልሃል? ይህን ጥያቄ አልመለስክም።

ጭቃው | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡09

ምንም አያደርግልኝም። ለዚህ ነው ሁለት መቁረጫ የያዝኩት። ሻዩን ግን ስወጣ እጠጣዋለሁ።

ኦስሎ_ነኝ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

ስለ ብርድ ማንም አልጻፈም እንጂ የዚህ ክር ርዕስ እኮ እሱ ነበር። እኔ ኖርዌይ ነው የምጠልቀው፣ በዋሻ ሳይሆን በፊዮርድ፣ በተራሮች መሃል በሚገባ ባሕር። ስለ ሬጉሌተር ልንገርህ።

ሲሊንደር ውስጥ 200 ባር ላይ ያለ አየር በቅጽበት ወደ 10 ባር ገደማ ሲወርድ ይቀዘቅዛል። በጣም። ውሃው ራሱ 4 ወይም 5 ዲግሪ ከሆነ ሬጉሌተሩ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ቫልቩ ክፍት እንደሆነ ይደርቃል፣ አየሩም እየጮኸ ያለማቋረጥ ይወጣል። ሲሊንደርህ ዓይንህ እያየ ያልቃል። መፍትሔው የዚያን ሲሊንደር ቧንቧ ዘግቶ ወደ ሌላው መቀየር ነው። ጎንህ ላይ ከታሰረ እጅህ ይደርሰዋል፣ ከባሰም ለእያንዳንዱ ትንፋሽ እየከፈትክ እየዘጋህ ትጠቀምበታለህ። ዋናው መከላከያ ለብርድ የተሠራ ሬጉሌተር መግዛት ነው፤ እዚህ ላይ ብር አትቆጥብ። ደግሞ ውጭ በረዶ ላይ ቆመህ "እስቲ ይሠራል?" ብለህ አትተንፍስበት። የትንፋሽህ እርጥበት ነው ቀድሞ በረዶ የሚሆነው።

ፕሉራ የሚባል ዋሻ እዚህ ሰሜን ውስጥ አለ። ፌብሩዋሪ 2014 ሁለት ፊንላንዳውያን ከመቶ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ሞቱ። ባለሥልጣናቱ ዋሻውን ዘጉት። አስከሬናቸውን ማርች ላይ ራሳቸው ጓደኞቻቸው በድብቅ ገብተው አወጡ። ስለዚህ ዋሻ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ነርሷ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

ዳይቪንግ አላውቅም፣ ብርድ የመታው ሰው ግን በሥራዬ አውቃለሁ።

ውሃ የሰውነትን ሙቀት የሚወስደው ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ፊትህን ሲነካህ ሳታስበው አየር ትስባለህ፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አደጋ እሱ ነው። ማስክህ ቢወልቅ የሚሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ በሙቅ ውሃ ማስክ ማውለቅ መለማመድ ብቻ አይበቃም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ልመደው። ቀጥሎ የሚሄዱት ጣቶች ናቸው። ሰውነት ልብና ሳንባን ለማዳን ደሙን ከእጅ ይሰበስባል። ጭቃው "በእጅ ነው የሚኬደው" ሲል እኔ የታየኝ ይሄ ነው። ዓይን ሄደ፣ ከዚያ እጅ ከሄደ ምን ቀረ?

ሦስተኛው ራሱ ሰውየው የማያውቀው ነው። ሲበርድህ አሳብህ ይዘገያል። ቁጥር ማስላት ይከብድሃል። አንተ ግን ደህና የሆንክ ነው የሚመስልህ።

ጭቃው | ረቡዕ፣ ማታ 3፡15

ነርሷ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ከስንቱ አሠልጣኝ ተሻልሽ።

ልብስን በተመለከተ። ድራይሱት፣ ውሃ የማያስገባው የጠላቂ ልብስ፣ ይሞቃል፣ ግን ሳምፑ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት በድንጋይ መሃል በደረትህ ከሳብከው ይቀደዳል። የተቀደደ ድራይሱት ደግሞ ውሃ ይሞላል። ስለዚህ ለአጭር ሳምፕ ብዙ ሰው ወፍራም ዌትሱት፣ ውሃ የሚያስገባውን የላስቲክ ልብስ፣ ለብሶ ብርዱን ይችላል። ረጅም ከሆነ ድራይሱቱን በከረጢት ተሸክመህ ሳምፑ አፍ ላይ ትቀይራለህ፤ ባትሪ ግንባርህ ላይ አስረህ፣ በአንድ እግር ጭቃ ላይ ቆመህ። ሰው ሁሉ የሚሳደበው እዚህ ጋ ነው።

ጓንት ደግሞ የማያልቅ ክርክር ነው። ወፍራም ካደረግክ ጣትህ ይሞቃል፣ ገመዱ ግን አይታወቅህም፤ ገመድ ይሁን የድንጋይ ጠርዝ ትጠራጠራለህ። ቀጭን ካደረግክ ገመዱን ታውቀዋለህ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ጣትህን አታውቀውም። እኔ የግራ እጄ፣ ገመድ የሚይዘው፣ ቀጭን ነው፤ ቀኙ ወፍራም። ሰዎች ይስቁብኛል። የሳቁትም ግን ሲበርዳቸው የቀኜን ያዩታል።

ደግሞ ከውሃው ስትወጣ ዋሻው አላለቀም። እየተንቀጠቀጥክ፣ ሲሊንደር ተሸክመህ፣ መሰላልና ገመድ ወጥተህ ነው ሜዳው ላይ የምትደርሰው። የሚበርድህ ያኔ ነው።

ብሪስቶሉ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡40

የታይላንዶቹ ልጆችስ? ታም ሉዋንግ ዋሻ ውስጥ ጎርፍ የያዛቸው። ያ ሁሉ የባሕር ኃይል እያለ ከእንግሊዝ ለምን ሰው እንዳስመጡ ያኔም አልገባኝም ነበር።

ዲሲ_ጠላቂ | ረቡዕ፣ ማታ 4፡10

አሁን ገብቶህ መሆን አለበት። የባሕር ኃይል የለመደው ክፍት ውሃ ነው። ታም ሉዋንግ ውስጥ የነበረው ጎርፍ፣ ጭቃ፣ ጠባብ መታጠፊያ ነው። ሜንዲፕ ማለት ነው፣ ውሃው ሞቅ ብሎ። 12ቱ ልጆችና አሠልጣኛቸው ጁን 23፣ 2018 ገብተው ጠፉ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ያገኟቸው ከላይ የተጠቀሱት ስታንተንና ቮላንተን ናቸው፤ አንዱ ጡረታ የወጣ እሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ሌላው የኮምፒውተር ባለሙያ። ለሁለቱም ዋሻ የትርፍ ጊዜ ነገር ነው። ልጆቹን ከማየታቸው በፊት ጠረናቸው ነው የደረሳቸው። ከዚያ አንድ የቀድሞ የታይ ባሕር ኃይል ጠላቂ፣ ሳማን ኩናን፣ ሲሊንደር አድርሶ ሲመለስ ሞተ። ልጆቹ የወጡት ተኝተው ነው፤ አውስትራሊያዊው የማደንዘዣ ሐኪም ሪቻርድ ሃሪስ ኬታሚን ወግቷቸው። ውሃ ውስጥ ነቅቶ የሚደነግጥ ልጅ ራሱንም የያዘውንም ይገድላል ብለው ነው።

ገመድን በተመለከተ ደግሞ፣ ከጠላቂዎቹ አንዱ ክሪስ ጄዌል ልጅ ይዞ ሲወጣ ገመዱን ሳተ። ምንም አይታይም። በዳሰሳ የኤሌክትሪክ ሽቦ አገኘ፣ እሱን ተከትሎ ብቅ ሲል ያለፈው ክፍል ውስጥ ነበር። ልጁን ይዞ እዚያ ጠበቀ፣ ከኋላ የመጡት ደረሱለት። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ገመድ ከሳተ...

ጭቃው | ረቡዕ፣ ማታ 4፡25

ዲሲ የጻፈው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ገመድ ስትስት የመጀመሪያው ሥራ መቆም ነው። መዋኘት ከጀመርክ የነበርክበት ቦታም ይጠፋብሃል። ያገኘኸው ድንጋይ ላይ ትርፍ ሲባጎህን ታስርና እሱን እየለቀቅክ ዙሪያህን ትዳስሳለህ፣ ካላገኘህ ወደ ቋጠሮው ትመለሳለህ፣ በሌላ አቅጣጫ ትሞክራለህ። ጄዌል ሽቦውን አልናቀውም፤ ከሰው እጅ የወጣ ነገር መሆኑ በቃው።

ከሰው ርቆ ስለመሄድም ላንሣ፤ ባልደረባህ ወደዚያ ሊወስድህ ይችላልና። አየርላንድ ውስጥ ከረግረግ የሚመጣ ቡናማ ውሃ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ፣ በግ ብቻ የሚጎበኛቸው። አርቱር ኮዝሎቭስኪ የሚባል ፖላንዳዊ በ2008 ሜዮ አውራጃ ፖላቱሜሪ ውስጥ 103 ሜትር ወርዷል። በ2011 ጎልዌይ ውስጥ በሌላ ዋሻ ሞተ። እንዲህ ያለ ቦታ አንተን ፈልጎ ሊያወጣ የሚችል ሰው ቁጥር በጣም ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ደግሞ በስም ይተዋወቃሉ።

ብሪስቶሉ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡20

ወሰንኩ። ለባልደረባዬ ነገርኩት፤ ቅዳሜ ስዊልደንስ እንገባለን፣ ደረቁን ብቻ። የመጀመሪያው ሳምፕ ጋ ደርሼ ውሃውን በእጄ ነክቼ እመለሳለሁ። ሲሊንደር የለም። ኮርሱን እያጣራሁ ነው።

ጭቃው | ሐሙስ፣ ማታ 2፡45

ጥሩ። ዓርብ ማታ ከባድ ዝናብ ከጣለ ቅሩ፤ ስዊልደንስ ወንዝ የሚገባበት ዋሻ ነው፣ ይሞላል። የጎባ ልጅ ያለውን አስታውስ። ሱፍ ካልሲ አድርግ፣ ጥጥ አይሆንም። ለመለዋወጫ የሚሆን ደረቅ ልብስ መኪናው ውስጥ ተው፣ የመኪናውን ቁልፍ ግን ዋሻ ውስጥ ይዘኸው አትግባ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የት ዋሻ እንደገባችሁና በስንት ሰዓት እንደምትወጡ ውጭ ላለ ሰው ንገሩ። ሰዓቱ ካለፈ ያ ሰው 999 ደውሎ ፖሊስ ይጠይቃል፣ ፖሊሶቹ የዋሻ አዳኞችን ይጠራሉ። ባልደረባህ ሳይነግርህ አይቀርም። ካልነገረህ አብረኸው አትግባ።

ለምን_ግን | ሐሙስ፣ ማታ 2፡58

ሰውየው መቼም አይሰማም። በል ሰዓቱን ለእኔ ላክልኝ። ለንደን ነኝ፣ ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ካልወጣህ እኔ እደውላለሁ፣ ከወጣህ ደግሞ እሰድብሃለሁ።

ብሪስቶሉ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡04

እሺ እህቴ፣ ኑሪልኝ። በ10 ሰዓት እንወጣለን። እስከ 12 ካልጻፍኩልሽ ደውይ።

ለምን_ግን | ሐሙስ፣ ማታ 3፡05

10 በማን? በእኛ ነው በእነሱ? ማታ 10 ከሆነ አሁኑኑ ነው የምደውለው።

ብሪስቶሉ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡07

በእኛ! በእነሱ ከቀትር በኋላ 4። ከ6 ሰዓት ካለፈ ደውይ፣ በእነሱ። ቆይ፣ የዋሻውን ስም በእንግሊዝኛ አጻጻፉ በመልእክት እልክልሻለሁ፣ ስልክ ላይ እንዳትቸገሪ።